የአጎቴ የካዚ ሹራብና አዲሱ እባብ

ይሄ አሁን የለበስኩት ሹራብ ጠዋት የአጎቴ የካዚ ነበር! አጎቴ ካዚ ማለት ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ትከሻው ቁም ሳጥን የሚያክል ሰውዬ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ቀጭን ነኝ፣ ሹራቡ ግን ልክክ ብሎልኛል፤ ለኔ የተለካ ነው የሚመስለው። ግን በናታችሁ፣ ዋናው ሹራቡ አይደለም። ዋናው ምን መሰላችሁ፣ አጎቴ ካዚ ዛሬ ምድር ቤት ወርዶ ከአያቴ ጋር አወራ! በአፉ! ዓመት አልፏቸዋል እኮ፣ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ፣ ሁለት የአንድ እናት ልጆች! ማርያምን! ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ምኑም አይገባችሁም።

ቤታችን ሚልዎኪ ከተማ፣ ደቡብ ሰፈር ነው፤ ያው እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ታች አንድ ቤት፣ ላይ አንድ ቤት። ታች እኔ፣ እማዬና አያቴ ዩጂን አለን። ላይ የአያቴ ታናሽ ወንድም ካዚ አለ፤ እኔ ግን አጎቴ ነው የምለው። የጓሮው ደረጃ፣ ምድር ቤቱና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የጋራ ነው። እስቲ አስቡት፤ ላይ ሲራመድ ይሰማናል፣ ሲያስል ይሰማናል፣ ሬዲዮ ከፍቶ በኳስ ሲናደድ ይሰማናል። አያቴ ሾርባውን ይዞ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። እማዬ "እና ዛሬ ብርዱ ብሶበታል አይደል?" ትላለች። ስለ ብርድ ያወራነው ነገር! ሌላ ወሬ ያለቀብን ቤተሰብ ነበርን።

የተጣሉት በእባቡ ነው። እባብ የምንለው ቢራ ሲጠመቅ ማቀዝቀዣ የሚሆነውን ነገር ነው፤ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ትልቅ የሶፋ ሞላ የመሰለ የመዳብ ቱቦ። ብቅሉ ፈልቶ ሲያበቃ እንደዚያው እንደሚፋጅ እርሾ ቢገባበት እርሾው ይሞታል፣ በራሱ እስኪበርድ ቢጠበቅ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ እባቡ ድስቱ ውስጥ ይገባና በሆዱ ቀዝቃዛ ውኃ ይሄድበታል፤ በአንድ አፉ ቀዝቃዛ ይገባል፣ በሌላው የሚፋጅ ይወጣል፣ ድስቱ ይበርዳል። ሁለቱ ወንድማማቾች እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በአንድ እባብ ነበር የሚጠምቁት። አያቴ በመጨረሻ በአፉ ነፍቶ ውኃውን ያስወጣል፣ ካዚ ጋራዥ ወስዶ ይሰቅለዋል። እንደዚህ ነው ልማዳቸው። ታዲያ ሴት አያቴ፣ የዩጂን ሚስት ኢርማ፣ በሞተችበት ዓመት ብርዱ ቀድሞ ገባ፣ ሆዱ ውስጥ ውኃ ቀርቶ ኖሮ ጋራዥ ውስጥ በረዶ ሠራና እባቡን ፀጉር በምታክል መስመር ሰነጠቀው። ማን አየ? በሚቀጥለው ጠመቃ የገናውን ቢራ ሲያቀዘቅዙ የቧንቧ ውኃ በስንጥቁ ድስቱ ውስጥ ሲገባ አመሸ። ያ ደግሞ የኢርማ ጥቁር ቢራ ነው፣ እሷ የምትወደው፣ ለመታሰቢያዋ ብለው የጠመቁት! ገና ዕለት ዘመድ ሁሉ ብርጭቆውን አነሳ፣ ቀመሰ፣ መልሶ አስቀመጠ። ውኃ ውኃ ይላል፣ ደግሞ ኮምጥጧል። አያቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብሎ "እኔ ነፍቼ አድርቄ ነው የሰጠሁት! እኔ ነፍቼ ውኃ አይቀርም! ይሄ ሰነፍ ሊሰቅለው ሲወስድ እንደገና አለቅልቆ ትቶት ነው!" አለ። አጎቴ ካዚ ኮቱን አንስቶ ወደ ላይ ወጣ። በቃ፣ ያ ነው የመጨረሻው።

እማዬ ለአያቴ ልደት አዲስ እባብ ገዛችለት፤ ስልሳ ምናምን ዶላር፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳን ሳይላጥ። "አመሰግናለሁ ልጄ" ብሎ ካርቶኑን ሳይከፍት ደረጃ ሥር ሸጎጠው። እዚያው ቀረ። ከዚያ ሐሙስ ዕለት የጓሮው ደረጃ ላይ ባዶ ካርቶኖች ተደርድረው አየን። እማዬ በሹክሹክታ "ካዚ ቤት ሊቀይር ነው፣ ልጁ አጠገብ አንድ ክፍል አግኝቷል" አለችኝ። አያቴ ካርቶኖቹን ተሻግሮ አለፈ። ዛሬ ጠዋት ግን ገና ጥርሴን ሳልፍቅ "ጆሲ! እጅጌሽን ሰብስቢና ነይ፣ እባቡን እናጥባለን" ብሎ ጠራኝ። ምን ልንጠምቅ እንደሆነ ስጠይቀው "የኢርማን" አለ።

"አባባ፣ አዲስ አይደል እንዴ? ምን ያሳጥበዋል?" አልኩት።

"አዲስ ነገር ነው ከሁሉ የሚቆሽሸው። ፋብሪካ እጁን ታጥቦ የሚሠራ መሰለሽ?"

እውነቱን ነበር! በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ስናሸው ስፖንጁ ጥቁር በጥቁር ሆነ፤ ቱቦውን ሲያጥፉት የቀቡት ዘይት ነው አለኝ። ከዚያ አቼቶ በሙቅ ውኃ በጥብጠን ዘፈዘፍነው፣ ምድር ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ሲወጣ ያበራል አልላችሁም! ደግሞ ዝም ብሎ ድስት ውስጥ አይገባም፣ ያፈስ እንደሆነ ይታያል። ደረቅ ጋዜጣ አነጠፍን፣ እባቡን ከላዩ አስቀመጥን፣ የውኃ ጎማውን ከቧንቧው ጋር አገናኝተን ለቀቅነው። እኔ በአራት እግሬ ተንበርክኬ ጋዜጣው ላይ ጠብታ እፈልጋለሁ። "አለ! እዚህ ጋ፣ ማሰሪያው ሥር!" ብዬ ጮህኩ። አያቴ ካቻቢቴውን አቀበለኝ። ለኔ! ሁልጊዜ ይሄ የካዚ ሥራ ነበር። አጠበቅኩት፣ ጋዜጣ ቀየርን፣ ደረቅ። አያቴ ጭንቅላቴን እንደ ሕፃን ዳበስ አደረገኝ። ብዙ ጊዜ ነው እንደዚህ ሲያደርገኝ ካየሁ፤ ፈዝዤ ቀረሁ።

ብቅሉ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ አንድ ሰዓት ሲቆይ እኛ ምሳ ልንበላ ወጣን። አያቴ የምድር ቤቱን በር በርግዶ ተወው። "ብርድ ይገባል እኮ" ስለው "እንፋሎቱ ይውጣ" አለኝ። እንፋሎቱ ደግሞ የት ነው የሚወጣው? በጓሮው ደረጃ ቀጥ ብሎ ወደ ካዚ ቤት! ያን ሽታ ታውቁታላችሁ? የተቆላ ገብስ፣ ዳቦ፣ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ። ቋሊማና ጥቁር ዳቦ በጨው ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር እየበላን ነበር፤ ድንገት በደረጃው ኮቴ ተሰማ፣ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ ወደ ታች። አያቴ ማኘክ አቆመ። እኔም አቆምኩ። ኮቴው በበራችን አለፈ፣ ምድር ቤት ወረደ፣ የማሽኑ ክዳን ግው አለ፣ ተመልሶ ወጣ። አያቴ ማኘኩን ቀጠለ። "ሰናፍጭ አቀብዪኝ" አለ። ሰናፍጩ እፊቱ ነበር።

ከሰዓት ድስቱ ፈላ፣ መራራው የሆፕ አበባ ገባ። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው እባቡ እዚያው በሚፈላው ውስጥ ይገባል፣ ተቀቅሎ ከጀርም እንዲጠራ። እሳቱ ሲጠፋ "ልቀቂው!" አለኝ፣ ቧንቧውን ከፈትኩት። ስሙኝ እንግዲህ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ሰው ይልጣል፣ ለዚህ ነው ጎማውን በጓንት የምንይዘው። ያ ውኃ ግን አይደፋም። አያቴ ዘንድ የሞቀ ውኃ መድፋት ኃጢአት ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ድሮም ካዚ በጠመቃ ቀን ሸሚዞቹን አስገብቶ ይጠብቅ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ልብስ አለበት። "አባባ፣ ልብስ አለ" አልኩት። መጥቶ አየ። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ከላይ፣ ኮሌታው ያለቀ። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ራሱ ጎማውን ከእጄ ተቀብሎ ሸሚዙ ላይ አስገባውና "ይሙላ" አለኝ። ማሽኑን ያስነሳውም እሱ ነው።

በዚህ ወር የቧንቧችን ውኃ ከሐይቁ ሲመጣ ጥርስ ያደርቃል፤ ድስቱ ወዲያው በረደ፣ ቴርሞሜትሩ ሲወርድ በዓይኔ እያየሁት። እርሾውን ጨመርን፣ ማሽኑም ቆመ። አያቴ ድስቱን እየከደነ ሳለ ካዚ ልብሱን ሊያወጣ ወረደ። እኛን እንዳላየ ሆነ፣ እኛም እንዳላየነው ሆንን፤ ያው ዓመቱን ሙሉ እንደለመድነው። ክዳኑን ሲከፍት፣ ሲጎትት ሰማሁ።

"ዩጂን" አለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። አያቴ ዞረ። አጎቴ ካዚ በሁለት ጣቱ አንድ አረንጓዴ ሹራብ አንጠልጥሏል፣ በፍል ውኃው ተኮማትራ የልጅ ልብስ አክላለች።

"ምንድነው እሱ?" አለ አያቴ። "ውሻ ገዛህ እንዴ?"

"ኢርማ የሠራችልኝ ሹራብ ነው።"

በሳቅ ልፈነዳ የነበርኩት ሴትዮ ክው አልኩ። ኢርማ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሹራብ ነበር የሠራችው፣ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ክር። ካዚ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚለብሰው እሱን ነው።

"ሱፍ ከሸሚዝ ጋር ማን አስገባ አለህ?" አለ አያቴ፤ ድምፁ ግን እንደ ቁጣው አልነበረም።

"ሸሚዝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ብቅሉ ሲሸተኝ ቸኮልኩ" አለ ካዚ።

ብቅሉ ሲሸተኝ ቸኮልኩ! ሰማችሁ? አያቴ ወደ ቤታችን ሄደ። ደረጃው መሐል ላይ ቆሞ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል አየሁት፤ ከዚያ ወጣ። እኔና አጎቴ ካዚ ብቻችንን ቀረን። "ትምህርት እንዴት ነው?" አለኝ። "ደህና ነው" አልኩት። "ብርዱስ?" አልኩት ደግሞ እኔ ፋራዋ! ሳቀ፣ በአፍንጫው። አያቴ ሲመለስ የራሱን ሹራብ ይዞ ነበር፣ አረንጓዴውን፣ ከመሳቢያ የማይወጣውን።

"ልበሰው።"

"ያንተ ነው እኮ፣ ዩጂን።"

"ልበስ ብያለሁ። እኔ ከስቻለሁ፣ ብለብሰው ውስጡ ሰው አለ አይባልም።"

ለበሰው። ሆነው። አያቴ ትከሻው ላይ የሌለ አቧራ አራገፈለትና "ደግሞ እነዚያን ካርቶኖች ከደረጃው አንሳ፣ ሰው ይሰበራል" አለው።

"የት ላድርጋቸው?"

"ከየት አመጣሃቸው? ወደ ላይ መልሳቸዋ!"

እኔ በዚህ ጊዜ አልቅሻለሁ፣ አልዋሻችሁም፣ በትንሿ ሹራብ ነው እንባዬን የጠረግኩት። ከዚያ አያቴ ጉሮሮውን ጠርጎ "ያለፈውንም... የእባቡን ማለቴ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ። ሰው ነህ፣ ትረሳለህ" አለው። አጎቴ ካዚ የሹራቡን እጅጌ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና "አመሰግናለሁ፣ ዩጂን" አለ። ኧረ እንዴት ደስ ይላል! እግዜርን አመሰገንኩ፣ ኢርማን አመሰገንኩ፣ እማዬን ስለ ስልሳ ምናምን ዶላሯ አመሰገንኩ፣ የማጠቢያ ማሽኑን ሁሉ አመሰገንኩ። ካዚ ካርቶኖቹን ሊያነሳ ወጣ። ትንሿን ሹራብ "እንግዲህ ያንቺ ናት" ብሎ ትቶልኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፣ አይደል? ግን እባቡ ገና አልተነሳም። ከድስቱ ሲወጣ ሮዝ ሮዝ ብሎ አብረቅርቋል፣ ስኳሩ ሳይደርቅበት ቶሎ አለቀለቅነው። ከዚያ አያቴ "አሁን የኔ ተራ" ብሎ ጫፉን አፉ ውስጥ ከተተ። ነፋ። ጉንጩ አበጠ፣ ፊቱ ቀይ ሥር ሆነ፣ ውኃው በሌላው አፍ ፊው ብሎ ወጣ። ሁለተኛ ነፋ፣ ትንሽ ወጣ። ሦስተኛ ሲነፋ ሳል ያዘው፣ ግድግዳውን ተደገፈ። "ደረቀ" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። "እኔ ነፍቼ ያልደረቀ እባብ የለም። ወስደሽ ስቀዪው።"

ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬው፣ ገና እርጥብ የሆነችውን አዲሷን ሹራቤን ለብሼ፣ እየዘፈንኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጋራዡ ጋ ልደርስ ስል ጉልጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ቆምኩ። ነቅነቅ አደረግኩት። ጉልጭ። ዘቅዝቄ አጋደልኩት፣ ውኃ መጣ። በረዶው ላይ ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ አንድ ብርጭቆ ይሞላል ብላችሁ አትሳሳቱም። በረዶው ውስጥ የቀረውን ቀዳዳ አየሁት። ከተነፋ በኋላ ማንም እኮ አላለቀለቀውም። ከአያቴ አፍ በቀጥታ ነው እኔ ትከሻ ላይ የመጣው።

"እንደሱ ብቻ አይወጣም" አለ ከላይ ድምፅ። አጎቴ ካዚ ካርቶን ታቅፎ በረንዳው ላይ ቆሟል። ወረደና እባቡን ከእጄ ወሰደ። "እንደ መኪና መሪ አዙሪው፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ አፉ ወደ ታች ሲመጣ ታንጠባጥቢዋለሽ። አየሽ? ከቀለበት ወደ ቀለበት እየወረደ ይመጣል።" ሲያዞረው ሌላ ውኃ ወጣ! እኔ ባዶ ነው ብዬው የነበረው!

"አውቀህ ነበር?" አልኩት።

"ያኔ አላወቅኩም፣ እንደ ድሮው ደርቋል ብዬ ሰቀልኩት። የገባኝ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ደረጃ መሐል ላይ ጫማውን ሲያስር አይተሽው አታውቂም?"

"አይቻለሁ፣ ዛሬም..." ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። አያቴ ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርገው። ማሰሪያ የለውም።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰነፍ ሲልህ!"

"ኢርማን ከቀበርናት ገና ምኑም አልተቆጠረ። ሚስቱን ያጣ ሰው ላይ ተነስቼ ‘ትንፋሽህም አልቋል’ ልበለው? ሰነፍ መባል አይገድልም፣ ጆሲ። ደግሞ ትንሽ ሰነፍ ነኝ።"

"ታዲያ ዛሬ ‘ይቅር ብዬሃለሁ’ ሲልህ!"

"ብሎኛል፣ ተቀብያለሁ። በዓመቱ ምድር ቤት ወረድኩ፣ ሹራብ ለበስኩ። ሌላ ምን ልፈልግ?" ከዚያ እባቡን መለሰልኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "ከዛሬ ጀምሮ የሱ ሥራ መንፋት ነው፣ ያንቺ ሥራ ማዞር ነው። ለማንም አትናገሪም። በተለይ ለሱ።"

እሺ አልኩት። ምን ልበል? እባቡን ጋራዥ ሰቀልኩት፣ ሁለቱም አፉ ወደ ታች፣ አጥንቱ ድረስ ደርቆ። እንዲህ ዓይነት ሰው አጎቴ ስለሆነ አመሰገንኩ፣ ከልቤ። ደረጃው ባዶ ነው፣ አንድም ካርቶን የለም። ላይ ሲራመድ ይሰማኛል፣ አያቴም ኮርኒሱን ቀና ብሎ እያየ ፈገግ ይላል፣ እንዲህ ነው ያየሁት፣ ይሄን ስጽፍ።

ግን አሁን ገና አያቴ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ለአክስቴ ለሎሬታ ነው። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችሁም ኑ፣ ካዚንም ጠርቼዋለሁ። አዎ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው፣ ስንፍናው አብሮት የተፈጠረ ነው" ይላታል፤ ደስታው በስልኩ ሊፈስ ነው። ነገ እነዚያ የገና ዕለት የነበሩ ሰዎች በሙሉ ይመጣሉ። አያቴ ብድግ ብሎ ብርጭቆ ያነሳል። ካዚ አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ሰነፍ ይባላል፣ ሁለተኛ፣ በፈገግታ። እኔ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በትንሿ ሹራብ፣ ፊት ለፊታቸው ነኝ። ብናገር አያቴ ትንፋሹን በሰው ሁሉ ፊት ያጣል። ዝም ብል አጎቴ ስሙን እንዳጣ ይቀራል። በናታችሁ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ብርጭቆውን አብራችሁ ታነሳላችሁ?